«ሰላም» ተገልብጦ «ሆሙራ» ሲሆን፦ ኮኦርዲኔትን ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ማስተማር

የፊደል ገበታ የቆጠረ ልጅ የኮኦርዲኔትን ግማሽ ያውቃል። «የበ ራብዕ ማን ነው?» ሲባል የበን ረድፍ በአንድ ጣቱ፣ የራብዕን ዓምድ በሌላው ይዞ ሁለቱ ጣቶች የተገናኙበት ላይ «ባ!» ይላል። በሁለት መረጃ አንድ ቦታ ማግኘት ማለት ይኸው ነው። ትምህርቱን «ኤክስ ዛቢያ፣ ዋይ ዛቢያ» ብሎ ከመጀመር፣ ልጆቹ ድሮ ከሚያውቁት ገበታ መነሳት ሥራውን በእጅጉ ያቀልላል። ቀሪውን ግማሽ ግን ገበታው አያስተምርም፤ እንዲያውም በተቃራኒው ያስለምዳል። አብዛኛው ስህተት የሚፈለፈለው እዚያ ነው።

እዚህ የቀረበው ከ4ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ለሚያስተምሩ መምህራን ሲሆን በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ቢታሰብ አምስት ወይም ስድስት ክፍለ ጊዜ ይወስዳል። ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮች የሚገቡበት ክፍል ልጆቹ እነዚያን ቁጥሮች በቁጥር መስመር ላይ እስኪለምዱ ድረስ ይቆይ።

የተገለበጠው ገበታ

ከገበታው የመጀመሪያዎቹን ሰባት ቤቶች ብቻ ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። ነገር ግን ሀ ከታች፣ ሰ ከላይ ይሁን፦

7 | ሰ ሱ ሲ ሳ ሴ ስ ሶ
6 | ረ ሩ ሪ ራ ሬ ር ሮ
5 | ሠ ሡ ሢ ሣ ሤ ሥ ሦ
4 | መ ሙ ሚ ማ ሜ ም ሞ
3 | ሐ ሑ ሒ ሓ ሔ ሕ ሖ
2 | ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ
1 | ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ
— | 1 2 3 4 5 6 7

ልጆቹ «ቲቸር፣ ተገልብጧል!» ብለው መጮኻቸው አይቀርም። ይጩኹ፤ በኋላ የሚረሱት ነገር አሁን በራሳቸው አፍ ወጥቷል ማለት ነው። ንባብ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ እዚህ ግን ቁጥር ሲጨምር እንደ ዛፍ ወደ ላይ እንደሚያድግ ይንገሯቸው።

ሕጉ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ወደ ጎን ይኬዳል፣ ከዚያ ይወጣል። «ዛፍ ለመውጣት መጀመሪያ ዛፉ ሥር ድረስ መሄድ አለብህ» ማለት ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ በየጊዜው «ሂድ፣ ውጣ» ብሎ ማሳጠር ነው። ሰ ማለት 1 ሂድ፣ 7 ውጣ፤ ስለዚህ (1፣ 7)። ላ ማለት 4 ሂድ፣ 2 ውጣ፤ (4፣ 2)። ም ደግሞ (6፣ 4) ነው። «ሰላም» በቁጥር ሲጻፍ (1፣ 7) (4፣ 2) (6፣ 4) ሆነ።

አሁን ሆን ብለው ይሳሳቱ። ያንኑ ጥንድ «ውጣ፣ ሂድ» እያሉ ያንብቡት፦ 1 ውጣ፣ 7 ሂድ፤ ሆ። 4 ውጣ፣ 2 ሂድ፤ ሙ። 6 ውጣ፣ 4 ሂድ፤ ራ። «ሆሙራ!» ክፍሉ ይስቃል። የቁጥሮቹ ተራ መልእክቱን እንደሚለውጠው ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል። «መምህር» ብለው ቢሞክሩት ደግሞ «ሃራረር» ይወጣል፤ ልጆቹ ይህኛውን በጣም ይወዱታል፣ ቅጽል ስም ሆኖ እንዳይቀር መጠንቀቅ የእርስዎ ፋንታ ነው።

ሰባት ቤት ብቻ የተወሰደው ያለ ምክንያት አይደለም። ሠላሳ ሦስቱንም ቤቶች ቢደረድሩ ባ (4፣ 10) ይሆናል፤ ልጁ ቢገለብጠው አሥረኛ ዓምድ ስለሌለ ወዲያው ይነቃል። ጥሩ ይመስላል፣ ግን ስህተቱን የያዘው ገበታው እንጂ የልጁ አእምሮ አይደለም። ሰባት በሰባት ሲሆን እያንዳንዱ የተገለበጠ ጥንድ የሚያርፍበት ቦታ አለው፤ የሚያጋልጠው ትርጉም ማጣቱ ብቻ ነው።

ለምሳሌነት ፈጽሞ መወሰድ የሌለበት ቃል «ማር» ነው። ማ (4፣ 4)፣ ር (6፣ 6) ስለሆኑ ቢገለበጥም ማር፣ ባይገለበጥም ማር። ክፍሉ ሁሉ ተገልብጦ እያነበበ መምህሩ «ገብቷቸዋል» ብሎ ሊሄድ ይችላል። ይህ ነገር ለቃላት ብቻ አይደለም፤ በሚቀጥሉት ቀናት ሰሌዳ ላይ ምሳሌ ሲሰጡ (2፣ 2)፣ (3፣ 3)፣ (5፣ 5) የመሳሰሉትን ይተዉ። ሰሌዳ ፊት ቆሞ በችኮላ ምሳሌ የሚፈልግ ሰው እጁ የሚሄደው ወደ እነሱ ነው።

የቀረውን ጊዜ ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ቃል በቁጥር ጽፈው ይለዋወጡ። መሰላል፣ ላም፣ ሐረር በእነዚህ ቤቶች ይጻፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ራሳቸው ይፈልጉ።

ከሳጥን ወደ መስቀለኛ

አሁን ወደ ከባዱ ቦታ መጣን። በፊደል ገበታ ላይ ቁጥሩ የሚጠራው ሳጥኑን ነው። ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱም የሚዘለለው ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ በገበጣም ጠጠር የሚገባው ጉድጓዱ ውስጥ ነው። ልጆች ዕድሜያቸውን ሙሉ ክፍተት ሲቆጥሩ ኖረዋል። ኮኦርዲኔት ግን ክፍተቱን አይጠራም፤ የሚጠራው ሁለት መስመሮች የሚተላለፉበትን ነጥብ ነው። ይህ ለውጥ በግልጽ ካልተነገረ ልጁ ቁጥሮቹን በመስመሮቹ መካከል ይጽፋል፤ ነጥቡንም ካሬው መሃል ላይ ያስቀምጣል።

ለዚህ የሸማኔ ሥራ ጥሩ አስረጂ ነው። ድሩ በቁመት ይዘረጋል፣ ማጉ በአግድም ያቋርጠዋል፤ ነጥብ ማለት አንዱ ማግ ከአንዱ ድር ጋር የተሻገረበት ቦታ ነው እንጂ በክሮቹ መካከል ያለው ቀዳዳ አይደለም። ከማዳበሪያ ከረጢት ላይ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ቆርጠው በየቡድኑ ቢሰጡ ድርና ማጉ በዓይን ይታያል፣ በጣትም ይዳሰሳል።

ከዚያ ሰሌዳው ላይ ሁለት ሥዕል ጎን ለጎን ያድርጉ። በግራ የሳጥን ገበታ፣ ቁጥሮቹ ከሳጥኖቹ ሥር፣ ከ1 የሚጀምሩ። በቀኝ የመስመር መረብ፣ ቁጥሮቹ ከመስመሮቹ ጫፍ ሥር፣ ከ0 የሚጀምሩ። «ከ0 እስከ 3 ስንት ሳጥን አለ? ስንት መስመርስ?» ብለው ይጠይቁ። ሳጥኑ ሦስት፣ መስመሩ አራት ነው፤ ትርፉ መስመር ዜሮ ነው። አግድሙና ቁሙ መስመር ዜሮ ላይ የሚገናኙበት ነጥብ መነሻ ይባላል፤ ማንኛውም ጉዞ የሚጀምረው ከእሱ ነው። ማስመሪያቸውን አውጥተው ዜሮው የት እንዳለ ይፈልጉ፤ ብዙ ማስመሪያ ላይ ዜሮው ከጫፉ ትንሽ ገባ ብሎ ስለሚገኝ ከጫፍ ወይም ከ1 የሚለኩ ልጆች እዚሁ ይታወቃሉ። እነዚሁ ልጆች ነገ መረቡ ላይ የመነሻውን መስመር «አንድ» ብለው ነው የሚቆጥሩት።

ዛቢያ፣ መነሻ፣ ኤክስ፣ ዋይ የሚሉት ስሞች የሚገቡት ከዚህ በኋላ ነው። ዜሮ የተባሉት ሁለቱ መስመሮች ዛቢያ ይባላሉ፤ አግድሙ ኤክስ፣ ቁሙ ዋይ። የዚህ መረብ መጠሪያ የሆነው «ካርቴዥያን» የሚለው ቃል የመጣው በ1637 እ.ኤ.አ. ጂኦሜትሪን በአልጀብራ የሚያስኬድ ሥራ ካሳተመው ከፈረንሳዊው ሬኔ ዴካርት ስም ነው። አልጋው ላይ ተኝቶ ጣሪያ ላይ የምትሄድ ዝንብ እያየ ሐሳቡ መጣለት የሚባለው ግን ተረት ነው፤ ለልጆች ቢነገር አይጎዳም፣ እንደ ተረትነቱ ከሆነ።

ሰሌዳና ደብተር ማዘጋጀት

በእጅ የተሰመረ ጠማማ መረብ ግማሹን ትምህርት ያበላሻል፤ (6፣ 7) ከ(7፣ 7) ጋር ሲምታታ ልጁ ሳይሆን ሰሌዳው ነው የተሳሳተው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ መረብ፣ በ10 ሳንቲ ሜትር ልዩነት፣ ከኋላ ለተቀመጠ ልጅም ይታያል። አሥራ አንድ ቁም፣ አሥራ አንድ አግድም መስመር ይፈልጋል፤ ከ0 እስከ 10 ማለት ነው። አራቱን ጠርዞች በማስመሪያ ለክተው ምልክት ካደረጉ በኋላ ሜትር ተኩል የሚሆን ሲባጎ ላይ ጠመኔ በደንብ ያሹበት። ሁለት ልጆች ከምልክት እስከ ምልክት ወጥረው ይያዙት፤ እርስዎ መሃሉን በሁለት ጣት ወደ ራስዎ ስበው ይልቀቁት። ጠ! ብሎ ቀጥ ያለ መስመር ይተዋል። ግንበኞችና አናጺዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ስለሆነ ከልጆቹ አንዳንዶቹ ቤታቸው አይተውት ይሆናል። ሲባጎው ካልተወጠረ ወይም በአንግል ከተሳበ መስመሩ ይደበዝዛል፣ አንዳንዴም ሁለት ይሆናል።

መረቡ ለሳምንት እንዲቆይ ከተፈለገ በአንድ ሲኒ ውኃ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር አሟሙቶ ጠመኔውን አሥር ደቂቃ ያህል ነክሮ ማስመር ነው። ሲደርቅ ደማቅ ይሆናል፣ በደረቅ ማጥፊያም ቶሎ አይለቅም፤ ነጥቦቹ ሲጠፉ መረቡ ይቀራል። በመጨረሻ በእርጥብ ጨርቅ ይታጠባል። አስቀድሞ የሰሌዳው ጥግ ላይ መሞከር ያስፈልጋል፤ ቀለሙ ያረጀ ሰሌዳ ላይ ምልክቱ ሊቀር ይችላል።

ባለ ካሬ ደብተር ለሁሉም ላይገኝ ይችላል። የተለመደው ደብተር አግድም መስመሮቹን አስቀድሞ ይዟል፣ የሚቀረው ቁሙ ነው። ከዚያው ደብተር መጨረሻ ሦስት ጣት የምትሰፋ ቁራጭ በቁመቱ ቀድዶ፣ ወደ ጎን አዙሮ፣ አንዴ በገጹ ላይኛው፣ አንዴ በታችኛው ክፍል ላይ አድርጎ፣ በቁራጩ መስመሮች ልክ ምልክት ማድረግና በማስመሪያ ማገናኘት። ክፍተቱ በትክክል እኩል ይወጣል፤ በሳንቲ ሜትር መለካት አያስፈልግም። እያንዳንዱን መስመር መጠቀም ካሬዎቹን ጠባብ ያደርጋቸዋል፤ አንድ እየዘለሉ ማስመር ይሻላል።

በግቢው ላይ

ልጆቹን ወደ ውጭ ቢያወጡ የማይቆጩበት ክፍለ ጊዜ ይህ ነው። መረቡ ከ0 እስከ 6፣ በየ60 ሳንቲ ሜትሩ። አንዱ ጎን 3 ሜትር ከ60 ይሆናል፤ ሰባት ቁምና ሰባት አግድም መስመር በድምሩ 50 ሜትር ከ40 ሲባጎ ይጠይቃል፣ ለቋጠሮ ጨምረው 55 ሜትር ያዘጋጁ። ሲባጎ ከሌለ መሬቱን በእንጨት ጭረው አመድ ወይም ኖራ ቢነሰንሱበት ይሠራል። ኖራ ከሆነ ግን ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ልጆች በእጃቸው እንዳይነኩት፤ ነፋስ ባለበት ቀን አመድም አይነሰነስ።

ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን እንዲህ ያረጋግጡ፦ ከመነሻው በአግድም ሦስት ክፍተት (180 ሳንቲ ሜትር)፣ በቁም አራት ክፍተት (240 ሳንቲ ሜትር) ሄደው በሁለቱ ጫፎች መካከል ይለኩ። ልክ 300 ከመጣ ቀጥ ብሏል። ከ300 ከበለጠ ማዕዘኑ ተከፍቷል፣ ካነሰ ጠቧል።

ይህ መረብ 49 መስቀለኛ አለው፤ ስለዚህ 49 ልጆች አንድ አንድ ነጥብ ይደርሳቸዋል። ክፍሉ ስድሳ ከሆነ ከ0 እስከ 7 ያድርጉት፤ 64 መስቀለኛ ይሆናል፣ ሲባጎውም ወደ 67 ሜትር ከፍ ይላል። ልጆቹ በየነጥባቸው ቆመው አድራሻቸውን ጮክ ብለው ይናገሩ። ከዚያ ትእዛዙ ይጀመር፦ «ሁለተኛ ቁጥራችሁ 3 የሆነ፣ እጅ አውጡ!» አንድ አግድም ረድፍ ሙሉ እጁን ያወጣል። «የመጀመሪያ ቁጥራችሁ 0 የሆነ!» የግራው ጠርዝ ይነሳል። «ሁለቱ ቁጥሮቻችሁ እኩል የሆኑ!» ከመነሻው ወደ ጥግ የሚወጣ ሰያፍ መስመር ይታያል፤ ማርን የደበቀው መስመር ይኸው ነው። «ሁለቱ ተደምረው 6 የሚሆኑ!» ሌላ ሰያፍ፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ፣ ሰባት ልጆች። ማንም «እኩልታ» የሚል ቃል ሳይተነፍስ ልጆቹ ግራፍ ሠርተዋል። እዚህ ላይ ማብራሪያ አያብዙ፤ የላይኛው ክፍል ሲደርሱ ያስታውሱታል።

አንድ ልጅ ነጥቡን ሲፈልግ መስመሩን ተከትሎ ይሂድ፤ በሰያፍ አቋርጦ አይሂድ። መጀመሪያ በአግድሙ ሄዶ፣ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ላይኛው አቅጣጫ አዙሮ ከዚያ ይቀጥል። ያ መቆምና መዞር ነው ሁለቱን ቁጥሮች የሚለያቸው።

ግቢው ጭቃ ከሆነ ክፍሉ ውስጥ በዴስኮቹ መሥራት ይቻላል፣ ነገር ግን አንድ ወጥመድ አለው። ብዙ መምህር መነሻውን ከፊት፣ ሰሌዳው ሥር ያደርገዋል። ያኔ ሁለተኛው ቁጥር ወደ ልጆቹ ጀርባ ያድጋል፤ ሰሌዳ ላይ ሲሣል ግን ወደ ላይ፤ ሥዕሉና ክፍሉ እንደ መስታወት ተገለባብጠው ይቀራሉ። መነሻው ልጆቹ ሰሌዳውን ሲያዩ ከኋላ በግራ በኩል ያለው ዴስክ ይሁን። አንደኛው ቁጥር ወደ ቀኛቸው፣ ሁለተኛው ወደ ሰሌዳው ያድጋል፤ የተሣለውም ከተቀመጡት ጋር ይገጥማል። እርስዎ ፊታቸው ሲቆሙ የእርስዎ ቀኝ የእነሱ ግራ መሆኑን አይርሱ፤ እጅዎን ዘርግተው «ወደ ቀኝ» ከማለትዎ በፊት ጀርባዎን ሰጥተው ይቁሙ።

አምስት ነጥቦች፣ አምስት ፊደሎች

ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ የሚከተለውን ሰጥተው ደብተር ይሰብስቡ። አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ሀ (2፣ 5)፣ ለ (5፣ 2)፣ ሐ (0፣ 3)፣ መ (3፣ 0)፣ ሠ (4፣ 4)

በየነጥቡ አጠገብ ፊደሉን መጻፍ ግዴታ ነው። ፊደል ከሌለ ሁሉንም የገለበጠ ልጅ ወረቀት ሁሉንም ካገኘው ልጅ ወረቀት ጋር አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ሀ በለ ቦታ፣ ለ በሀ ቦታ፣ ሐና መም እንዲሁ ስለሚለዋወጡ አምስቱም ነጠብጣቦች በትክክለኛ ቦታቸው የተቀመጡ ይመስላሉ።

በምሳሌነት የከለከልነው (4፣ 4) እዚህ የገባው ለዚሁ ነው። መገለባበጥ አይነካውም፤ ስለዚህ እሱ ከተሳሳተ ችግሩ ሌላ ነው ማለት ነው። ሠ በቦታው ሆኖ ሀና ለ ከተለዋወጡ ልጁ ተራውን ነው የሳተው፤ ወደ «ሂድ፣ ውጣ» ይመለስ። ሠ (3፣ 3) ላይ ካረፈ የመነሻውን መስመር አንድ ብሎ ቆጥሯል፤ ይህ ልጅ ሐ እና መ ላይ ሲደርስ ግራ ይጋባል፣ ምክንያቱም ለእሱ ዜሮ የሚባል መስመር የለም። «ሂድ፣ ውጣ» ማስደገም አይረዳውም፤ ወደ ድርና ማጉ መመለስ አለበት። ሀ (4፣ 1) ላይ ከተገኘ ሁለቱም ስህተቶች አንድ ላይ ናቸው።

ሀ፣ ለ እና ሠ ትክክል ሆነው ሐ አግድሙ ዛቢያ ላይ ከወደቀ ነገሩ የዜሮ ነው። «ዜሮ ምንም ነው» የሚለውን ስለለመደ ይዘለውና 3ን ወደ ጎን ይሄዳል። «0 ሂድ» ማለት «ባለህበት ቁም» መሆኑን ግቢው ላይ አንዴ ቢያደርገው ይበቃዋል።

ሌላ ዓይነት አለ፤ ለአንድ ጥንድ ሁለት ነጠብጣብ የሚያደርግ፣ 2 ላይ አንድ፣ 5 ላይ አንድ፣ ሁለቱም ዛቢያዎቹ ላይ። ሁለት ቁጥር ስላየ ሁለት ነገር የተጠየቀ መስሎታል። ይህን ልጅ በቃል ማስረዳት ጊዜ ማባከን ነው። አንዱን ጣቱን አግድሙ ላይ 2 ላይ፣ ሌላውን ቁሙ ላይ 5 ላይ አስቀምጦ ሁለቱንም መስመሮቹን ተከትሎ ያንሸራትት፤ እስኪነካኩ። ልክ የፊደል ገበታው ላይ እንዳደረገው።

ነጠላ ሰረዟን ቀላል አድርገው አይዩአት። (1፣ 12) እና (11፣ 2) ሰረዙ ሲጠፋ ሁለቱም (112) ናቸው። አንዳንዱ ደግሞ (3.5) ብሎ በነጥብ ይጽፋል፤ አስርዮሽ ሲማር ከሦስት ነጥብ አምስት ጋር ይምታታበታል፣ ያኔ ደግሞ ማረም ይከብዳል።

ጎጆው እና ኩኩሉ

ነጥብ እያገናኙ ሥዕል ማውጣት ልጆች የማይጠግቡት ልምምድ ነው። በዚህ ተራ ያገናኙ፦ (2፣ 0)፣ (2፣ 4)፣ (1፣ 4)፣ (5፣ 8)፣ (9፣ 4)፣ (8፣ 4)፣ (8፣ 0)። በሩ ለብቻው፦ (4፣ 0)፣ (4፣ 2)፣ (6፣ 2)፣ (6፣ 0)። ጎጆ ይወጣል። ተራውን የገለበጠ ልጅ ጎጆው ወደ ቀኝ ተጋድሞ፣ ጫፉ ጎረቤቱን እየጠቆመ ያገኘዋል፤ መምህር ሳይነግረው ያርማል።

ራስዎ ሥዕል ሲያዘጋጁ ከሥሩ ቢያንስ ሁለት ነጥብ ዜሮ ላይ ያሳርፉ። ሁሉም ነጥቦች ከዛቢያዎቹ ርቀው ከሆነ አንድ አሳስቶ የቆጠረ ልጅም ያማረ ጎጆ ይሥላል፤ ጎጆው እንዳለ አንድ መስመር ተንሸራትቷል እንጂ ቅርጹ አልተነካም። መሠረቱ ዜሮ ላይ ሲሆን ግን (2፣ 0)ን የሚያስቀምጥበት ያጣና እጁን ያወጣል።

ጨዋታው ለሁለት ልጆች ነው። እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 6 የሆነ መረብ ሁለት ያዘጋጃሉ፣ አንዱ የራሳቸውን ፍየሎች የሚደብቁበት፣ ሌላው የሚፈልጉበት። መሃላቸው ደብተር ይቁም። ሦስት ፍየል አላቸው፤ አንዷ ፍየል አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ሁለት መስቀለኞችን ትይዛለች። በየተራ ጥንድ ይጠራሉ፤ ከሳተ «አልነጋም!»፣ ካገኘ «ነጋ!» ይባላል፣ እንደ ኩኩሉ። ስድስቱንም ነጥብ ቀድሞ ያገኘ ያሸንፋል። ጠሪው ጥንዱን ከመጥራቱ በፊት ይጻፈው። ይህች ሕግ ከሌለች ጭቅጭቁ አያልቅም፤ አንዱ ገልብጦ ምልክት ያደርግና «ነጋ ብለኸኝ ነበር» ይላል። ተጽፎ ከሆነ ሁለቱ ራሳቸው አመሳክረው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይደርሱበታል። ሩብ ሰዓት ይስጧቸው፤ ከዚያ ካለፈ ፍየሉ ይረሳና ወሬው ይጀምራል።

ማየት የተሳነው ተማሪ ካለ ካርቶን ላይ ሲባጎ በሙጫ በየ3 ሳንቲ ሜትሩ ለጥፈው፣ ሁለቱን ዛቢያዎች ወፍራም ገመድ አድርገው፣ መስቀለኛው ላይ ሽምብራ እንዲያስቀምጥ ማድረግ ይቻላል። እንዲያውም የሁለት ጣት ማንሸራተቱ ከሌሎቹ ይልቅ ለእሱ ይቀናዋል።

ከዜሮ በታች

ልጆቹ አሉታዊ ቁጥሮችን ከለመዱ የሚጨመረው ጥቂት ነው። ሁለቱ ዛቢያዎች ከመነሻው ወደ ግራና ወደ ታች ይቀጥላሉ፤ «ሂድ» የነበረው «ወደ ኋላ ሂድ»፣ «ውጣ» የነበረው «ጉድጓድ ውረድ» ይሆናል። (-3፣ 2) ሦስት ወደ ግራ፣ ሁለት ወደ ላይ። በብዛት የሚበላሸው ቁጥሮቹን በዛቢያው ላይ ሲጽፉ ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ መጻፍ ስለለመዱ ከግራ ጫፍ ጀምረው -1፣ -2፣ -3 ብለው ወደ ዜሮ ይደርሳሉ። ሁልጊዜ ከመነሻው ጀምረው ወደ ውጭ ይጻፉ። ለማለማመድ የጎጆውን ነጥቦች የመጀመሪያ ቁጥር ሁሉ አሉታዊ አድርገው ይስጧቸውና ወረቀቱን በቁሙ ዛቢያ ላይ እጥፍ ያድርጉት፤ ወደ ብርሃን ሲያነሡት ሁለቱ ጎጆዎች ይደራረባሉ።

የኢትዮጵያ ካርታ በካሬ ወረቀት

ኢትዮጵያ በግምት ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ፣ ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ውስጥ ትገኛለች። አንዱ ዲግሪ አንድ ሳንቲ ሜትር ቢሆን 15 በ12 ሳንቲ ሜትር የሆነ መረብ ደብተር ላይ ይገባል። አግድሙ ከ33፣ ቁሙ ከ3 ይጀምራል። እስካሁን ጥጉ ዜሮ ነው ብለን ስላስተማርን ይህ በጩኸት መነገር አለበት፤ ጥጉ ላይ (33፣ 3) ብለው ይጻፉበት።

ወደ ሙሉ ዲግሪ ተጠጋግተው፣ በሒሳቡ ተራ፦ አዲስ አበባ (39፣ 9)፣ አክሱም (39፣ 14)፣ ባሕር ዳር (37፣ 12)፣ ጅማ (37፣ 8)፣ ሐዋሳ (38፣ 7)፣ ጋምቤላ (35፣ 8)፣ ሐረር (42፣ 9)፣ ጅግጅጋ (43፣ 9)። ልጆቹ ካስቀመጡ በኋላ ይጠይቋቸው፦ ከአዲስ አበባ ጋር በአንድ ቁም መስመር ላይ ያለችው ከተማ ማን ናት? በአግድሙስ? ከአዲስ አበባ አክሱም አምስት ዲግሪ ወደ ላይ ነው፤ ወደ ሰሜን አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አሞራ ቢበር ወደ 555 ኪሎ ሜትር መሆኑን ራሳቸው ያሰሉታል። በመኪና የሚኬደው ለምን እንደሚበልጥ ደግሞ ተራራውን ያየ ልጅ ይመልሰዋል።

አሁን ጥንቃቄ። የጂኦግራፊ ሰዎች የሚጽፉት በተቃራኒው ነው፤ ኬክሮስ ይቀድማል፣ ማለትም የ«ውጣ» ቁጥር ከ«ሂድ» በፊት ይመጣል። አዲስ አበባ በእነሱ ዘንድ 9 ዲግሪ ሰሜን፣ 39 ዲግሪ ምሥራቅ ናት፤ የስልክ ካርታዎችም የሚቀበሉት በዚሁ ተራ ነው። የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህሩ አንድ ነገር፣ እርስዎ ሌላ ሲሉ ልጁ ማንን ይመን? ሁለቱም ልክ መሆናቸውን፣ በሒሳብ ሂድ ውጣ፣ በካርታ ግን ውጣ ሂድ እንደሚባል በግልጽ ይንገሩት። ከጠረጠሩ ስልክ ያለው ሰው የሒሳቡን ተራ ሳይለውጥ 39፣ ቀጥሎ 9 ብሎ የስልክ ካርታ ላይ ይሞክር፤ አዲስ አበባ ብሎ ተነሥቶ ጣሊያን፣ ሰርዲኒያ ደሴት ደቡባዊ ጠረፍ ላይ ያርፋል።